ሳሎን ተብሎ የተጻፈው ክፍል

«ሥራ እንኳ አይደለም፤ ጊዜ ማሳለፊያዋ ነው» አለች ልጅቷ። የነገረቻቸው ቤቱን ቆጥረው ሊገምቱ ለመጡት ሰዎች ነበር፤ እናትየው ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ለእንግዶቹ ውኃ የምታቀርብባቸውን ብርጭቆዎች እየወለወለች ሰማቻት። ዋናው ገማች የጠየቀው ክፉ ጥያቄ አልነበረም። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የጥጥ መንደፊያ ደጋን አይቶ፣ «እዚህ ቤት የሚሠራ ሥራ አለ እንዴ?» ነው ያለው። ያ ደጋን ከሌላው ዕቃ ጋር መሄድ ነበረበት፤ ዕቃው ሲወጣ በሩ ተከፍቶ ስለነበር ከጀርባው ተረሳ። ልጅቷ እየሳቀች መለሰችለት፤ ባንክ ቤት መስኮቷ ላይ ሆና ለደንበኛ የምትስቀውን ሳቅ። ሰውየውም ሜትር ወደሚጎትተው ባልደረባው ዞሮ «ሳሎን በለው» አለ። እናትየው ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። ዕድሜ ልኳን ተንበርክካ ጉልበቷን የጨረሰችበት ክፍል በአንድ ቃል ሳሎን ሆነ።

ሰፈሩ እናትየውን የሚያውቃት በፍራሽ ነው። «የፍራሽ ሰሪዋ ቤት የት ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው፣ ገና አፉን የፈታ ሕፃን እንኳ በጣቱ ያሳየዋል። አሮጌ የጥጥ ፍራሽ ያመጡላታል፤ ትፈታዋለች፣ የጠጠረውን ጥጥ ፀሐይ ታስመታዋለች፣ በደጋን እየነደፈች ታፍታታዋለች፣ አዲስ ጨርቅ ውስጥ ትጠቀጥቅና ጠርዙን በሲባጎ ትሰፋዋለች። ስፖንጅ ፍራሽ ሱቁን ሁሉ ከወረረው ወዲህ ደንበኛዋ ሳስቷል፤ የጥጡም የአቡጀዲውም ዋጋ በየጊዜው እየወጣ ትርፉን በልቶባታል። ቢሆንም ሐኪም «ጠንከር ያለ ነገር ላይ ተኛ» ያለው ወገቡን የሚያመው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እሷ ጋ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ያቆመችው፣ ልጇን ያስተማረችው፣ በደስታም በሐዘንም ከሰው እኩል የወጣችው በዚሁ ሥራ ነው። አንድ ክፋት ብቻ አለው፤ ብናኙ። የጥጥ ብናኝ በር ቢዘጉበት በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል። ምግብ ውስጥ ይገኛል፣ ቅንድብ ላይ ይቀመጣል፣ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ላይ ያድራል። ልጅቷ ተማሪ ሳለች ጓደኞቿ «ብናኝ» ነበር የሚሏት፤ አንድ ቀን አስተማሪው ራሱ አምልጦት በዚያ ስም ጠርቷት ክፍሉ በሳቅ ፈርሷል። እናትየው ይህን ሁሉ ታውቃለች። ልጅቷ ነግራት አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥታ የደንብ ልብሷን ስታራግፍ በመስኮት እያየቻት ነው።

እንግዲህ መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ዳር ዳሩን ያሉት ቤቶች ሊነሱ ነው፣ ገማቾች ይመጣሉ ሲባል ልጅቷ መጀመሪያ የታያት ካሳው አልነበረም። «እነዚያ ሰዎች ቤታችንን እንዲህ ሆኖ ሊያዩት ነው?» አለች። እናትየውም ብትሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለችም። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል፤ እሷ የምታውቀው ይህንን ነው። ደግሞ ጸዳ ያለ ቤት ጥሩ ግምት ሳያወጣ አይቀርም የሚል ሐሳብ በሆዷ ነበራት። ስለዚህ ሁለቱ ሆነው ተያያዙት። የጥጡ ጆንያ፣ የተጀመረው ፍራሽ፣ የጨርቁ ጥቅል፣ መቀሱና የመርፌው ቆርቆሮ ሁሉ በእናትየው ወንድም የእጅ ጋሪ እየተጫነ አንድ ጋራዥ ጓሮ ተከማቸ። ጣሪያው ተጠረገ፣ ግድግዳው ታጠበ፣ ከጎረቤታቸው ከፋርማሲዋ ባለቤት ሶፋ በውሰት መጣ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠ። ሲጨርሱ እናትና ልጅ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ክፍሉን እያዩ ደስ አላቸው፤ እውነት ለመናገር ቤቱ በዕድሜው እንደዚያ አምሮ አያውቅም። የቀረው ሰፈር ግን በዚያው ሰሞን የሚሠራው ተቃራኒውን ነበር። ዕቃ ቤቱን ሱቅ ያደረገ አለ፣ የዶሮ ቤቱን መኝታ ክፍል ብሎ በር የገጠመለት አለ፣ ትናንት የተከለውን ችግኝ የአያቴ ዛፍ ነው የሚል አለ። ሰው ሁሉ የሌለውን ሥራ በየበሩ ሰቅሎ ሲጠብቅ ያለውን ሥራ የደበቀ ቤት ይሄ አንዱ ብቻ ነበር።

እናትየው ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዛ ወጣች። ዋናው ገማች ዓይኑ በአቧራ የቀላ፣ ድምፁ የሻከረ፣ ግን ትሕትናው ያላለቀ ሰው ነው። ከውኃው ጎንጨት ብሎ አመሰገነና ወረቀቱን አስጠጋላት። «በቆጠራው ሰዓት መገኘት መብትዎ ነው፤ የተጻፈውን ማንበብም ማስነበብም መብትዎ ነው፤ አልስማማም ማለትም መብትዎ ነው፤ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለ፣ የአውቶቡስ ረዳት ፌርማታ እንደሚጠራው ሁሉ አንዱን ከሌላው ሳይለይ። ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ሲደርስ የሚሰማው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው መሰለኝ፤ እስክሪብቶ ይቀበልና ይፈርማል። እሷ ግን መነጽሯን ከሻሿ ሥር አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ሳሎን አንድ፣ መኝታ ሁለት፣ ማድ ቤት አንድ፣ ግቢ ውስጥ የሎሚ ዛፍ አንድ። የሎሚው ዛፍ እንኳ ተቆጥሯል።

«ሳሎን ከተባለ ምን ይሆናል?» አለች።

«መኖሪያ በመኖሪያ ነው የሚተካው፣ እናቴ። ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ይሰጥዎታል፤ ጥሩ ነው፣ ውኃውም መብራቱም የገባ ነው።»

«ጥጥ ፎቅ ላይ ይነደፋል?»

ሰውየው ፈገግ አለ። «ኧረ ጎረቤት ይከስዎታል። ምን ሊያደርግልዎት ነው? መሥሪያ ቦታ የሚተካው መሥሪያ ቦታ ለነበረው ሰው ነው። ለዚያማ በመንገዱ ጀርባ ሼድ ተዘጋጅቷል።»

እናትየው ያን ጊዜ ነው ነገሩ ፍንትው ብሎ የታያት። ካሳው ቢበዛም ቢያንስም ለእሷ ትልቁ ነገር እሱ አልነበረም። ፎቅ ላይ ወጥታ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ጠዋት ልጇ ስትወጣ በሩን ዘግታ፣ ማታ ስትመለስ በሩን ከፍታ፣ ሳሙና ባለቀ ቁጥር የልጇን ፊት እያየች ልትኖር ነው። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ትሰጣታለች። ያ መስጠት ነው እናትየውን የሚያስፈራት። ደግሞ ልጅቷ ነገ ታገባለች፣ ከዚያ ወዲያ የሚሰጠው እጅ ሁለት ይሆናል። እጇ እያለ፣ ወገቧ እያለ፣ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ እየመጣ ሥራ አልነበራትም ተብሎ ሊጻፍ ነው።

«ይሄ ሳሎን አይደለም» አለች ወረቀቱን እየመለሰች። «ፍራሽ የምሠራበት ክፍል ነው። ዕቃው ለእንግዳ ተብሎ ነው የወጣው።»

«እማዬ» አለች ልጅቷ።

ገማቹ እናቲቱንም ልጅቱንም ተራ በተራ አያቸው። በሙያው ብዙ ዓይነት ቤተሰብ አይቷል፤ መካከላቸው ሊገባ አልፈለገም። «እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው» አለ። «የንግድ ፈቃድ የለዎትም፤ ፈቃድ ባይኖርም መተዳደሪያ መሆኑ ከተረጋገጠ ይያዛል። ግን የቤተሰብ ቃል ተጽፏል፤ ልጅዎ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብላለች። ያ ቃል የሚስተካከለው ወይ በእሷ ነው፣ ወይ ደግሞ እርስዎ ልጄ የሰጠችው ቃል ሐሰት ነው ብለው ሲፈርሙበት ነው። ዳር ዳሩን ስንጨርስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚሁ እናልፋለን። ከዚያ በኋላ ያለው ለአቤቱታ ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው እስኪያይልዎት ደግሞ ግሬደሩ አይጠብቅም።» ውኃውን ጨርሶ ጠጣና ከባልደረባው ጋር ወጣ።

ልጅቷ ቦርሳዋን አነሳች፣ ቀሚሷን በእጇ አራገፈች። ቀሚሷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ልማድ ሆኖባት ነው። እናትየው አንድ ነገር ትላለች ብላ ትንሽ ጠበቀች፣ እናትየውም ልጅቷ አንድ ነገር ትላለች ብላ ትሪውን ይዛ ቆመች። በሁለቱ መካከል እንዲህ ያለ ዝምታ አዲስ አይደለም፤ ከተማሪነቷ ጀምሮ አብሯቸው የኖረ፣ ማዕድ የሚቀርብ ቤተኛ ነው። «ታክሲ ሳይጠፋ ልሂድ» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ሂጂ» አለች እናትየው። የጫማዋ ድምፅ እስከ ጥግ ድረስ ተሰማ፣ ከዚያ ጠፋ።

ዕቃውን መልስልኝ ብላ ያስጠራችው ወንድምየው ጋሪውን እየገፋ ሲመጣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ጭኖ ነው የመጣው። ዕቃ ያመላልሳል እንጂ እሱን ያቆመው ወሬ ነው፤ ጆንያ ያወርዳል፣ ያወራል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ያወራል። የዛሬው ደግሞ ለነገ የሚያድር አልነበረም። ከእነሱ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ያለው ጡረተኛው ዘበኛ የፊት ክፍሉ ውስጥ መስታወት ሰቅሎ፣ ወንበር አቁሞ፣ በሩ ላይ «ፀጉር ቤት» ብሎ ጽፎ ኖሯል። ገማቹ ገብቶ ምንም ሳይናገር ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና፣ «እስቲ ዳር ዳሩን ብቻ ቆንጠር ቆንጠር አድርጉልኝ» አለ። ዘበኛው መቀስ አነሳ። መቀሱ የማድ ቤት ነው። አንድ ሁለቴ ቆረጠና ጆሮ ላይ ሊደርስ ነው ሲባል ገማቹ ብድግ ብሎ ወጣ፤ ግራ ጎኑ ተጎርዶ ቀኙ እንደነበረ። ወንድምየው ይህን እየነገራት ከሳቁ ብዛት ጆንያው ላይ ተቀመጠ። እናትየውም ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ለአፍታ ተነሳላት። ቀጥሎ ግን ወንድምየው እንዲህ አለ፤ «ከዚያ ወዲያ የጎረቤት ምስክር የሚባል አልሰማም ብሏል፤ ሁላችሁም ያው ናችሁ ብሎ ሄደ።» ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ።

ሶፋውን ለፋርማሲዋ ባለቤት መለሱላት። ሴትዮዋ አንድም ቃል ሳትጠይቅ ተቀበለቻቸው፤ ብቻ ትራሱን ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ብናኝ ነክቶት እንደሆነ ነው። ጆንያዎቹ ገቡ፣ የተጀመረው ፍራሽ መሐል ወለሉ ላይ ተዘረጋ፣ የፕላስቲኩ አበባ ጓዳ ገባ። ወንድምየው እየሠራ ስለ እህቱ ልጅ ማጉረምረም ጀመረ። «ያስተማርሽው አፍ ነው የዞረብሽ። እኔ ብሆን…» ሲል እናትየው አቋረጠችው። «አንተ ብትሆን ምን? አንተ ብትሆን ጋሪህን ትገፋ ነበር። ያንን ጆንያ ወደዚያ አድርግልኝ።» ልጇን እሷ ትቀየማት እንደሆነ እንጂ ሌላ ሰው እንዲያማባት አትፈልግም። ጋሪው ሲመላለስ ግን ከመንገዱ ማዶ ሜትር ሲጎትቱ የነበሩት ሰዎች ቀና ብለው አዩት፤ ያንን ወንድምየውም እሷም ልብ አላሉትም።

ልጅቷ ሥራ ላይ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ እንደምትቆልፈው እናትየው ታውቃለች። ስለዚህ እጇን ታጥባ፣ ሻሿን ለውጣ፣ በአውቶቡስ ወደ ባንኩ ሄደች። ልጇ ከተቀጠረች ጀምሮ እዚያ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ልጅቷ «አትምጪ» ብላት አታውቅም፣ «ነይ»ም ብላት አታውቅም። ጥበቃው ቦርሳዋን ፈትሾ አስገባት። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ወለሉ ፊት ያሳያል፣ ሰው ሁሉ ወንበር ላይ ተደርድሮ ግድግዳው ላይ የሚበራውን ቁጥር እያየ ዝም ብሏል። እሷም ከማሽኑ ቁጥር አወጣችና ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረች ሴት ስለ ዘይት ዋጋ ማማረር ጀመረች፤ እናትየው አብራት አማረረች፤ ዓይኗ ግን ከሦስተኛው መስኮት አልተነሳም። ልጇ እዚያ ናት። ሰማያዊ ልብሷ ያምርባታል። ገንዘብ ስትቆጥር ጣቶቿ አይታዩም። እናትየው ያን ሁሉ ቸኩላ መጥታ፣ ተራዋ ባይደርስ ደግሞ ምን አለ ብላ ተመኘች፤ እንዲሁ ቁጭ ብላ ብታያት።

ቁጥሯ ሲበራ ሄዳ መስኮቱ ፊት ቆመች። ልጅቷ ቀና አለች። ከጀርባዋ ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ከአንዱ ጋር ያወራ ነበር።

«ምን ልታዘዝ፣ እናቴ?» አለች ልጅቷ፤ ለደንበኛ ሁሉ የምትለው ነው። «ምን ፈልገው ነው?»

ልጇ በሕይወቷ «እርስዎ» ብላት አታውቅም። እናትየው የምትናገረውን ሁሉ አውቶቡስ ውስጥ አሰናድታው ነበር፤ ፎቁን፣ ሼዱን፣ ግሬደሩን፣ ያ ሰው ቃልሽ የሚስተካከለው ባንቺ ነው ማለቱን። ግን «ዘጠኝ ሰዓት ይመለሳሉ» ብቻ አለች። ልጅቷ ሥራ አስኪያጁን ሰረቅ አድርጋ አየችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዛሬ መውጣት አልችልም» አለች። «እሺ፣ ልጄ።» የጎኑ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ አንገቷን ብቅ አድርጋ የእናትየውን ሻሽ እያየች፣ «ጥጥ ይዞዎታል» ብላ በመስታወቱ ቀዳዳ እጇን ሰድዳ ብናኝ አነሳችላት፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞራ «እናትሽ ናቸው እንዴ?» አለቻት። እናትየው መልሱን ላለመስማት ፈጠን ብላ ወጣች። ሁለት ፌርማታ በእግሯ ከሄደች በኋላ ነው አውቶቡስ መያዝ እንዳለባት ትዝ ያላት።

ቤት ገብታ ቀሚሷን ሰብስባ ፍራሹ ፊት ተንበረከከች። የተጀመረው ፍራሽ የአንድ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ነገ ሊወስደው ይመጣል። ደጋኑን ስትመታው ጥጡ እየተነሣ አየሩን ሞላው፣ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ የታጠበው ግድግዳ ላይ ሄዶ ተለጠፈ። ያ ሁሉ ማጽዳት በአንድ አፍታ ገደል ገባ። የምትለውን ግን ወስናለች። ልጄ የሰጠችው ቃል ሐሰት ነው ትላለች፤ ትፈርማለች። ያሳደገቻት እሷ ናት፣ ይህን ያህል መብት አላት። ልጅቷ ጠዋት ስታፍርባት ማን ጠየቃት? እንዲህ እያለች በልቧ ልጇን ስትከሳት፣ ስትፈርድባት፣ ደግሞ ይግባኝ ስትልላት ቆየች።

ገማቾቹ ሲመለሱ ብቻቸውን አልመጡም። ጡረተኛው ዘበኛ ነገሩን ሊያይ ከኋላቸው ተከትሏል፣ የፋርማሲዋ ባለቤትም በሯ ላይ ሰው ትታ መጥታለች፣ ሌላም ሌላም ሰው በሩን ሞልቶታል። ዋናው ገማች ግራና ቀኙ ያልተስተካከለ ፀጉሩን በባርኔጣ ሸፍኖታል። ክፍሉን አየ፣ ጥጡን አየ፣ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«ጠዋት ሳሎን፣ ከሰዓት ፋብሪካ» አለ። «እናቴ፣ ጋሪውን አይቼዋለሁ። ዛሬ አንድ ሰው ጆሮዬን ሊቆርጠኝ ነበር።»

«የራሷ ዕቃ ነው!» አለ ወንድምየው። እናትየው በዓይኗ ዝም አሰኘችው።

«መስፋት እንደሚችሉ አልተጠራጠርኩም» አለ ገማቹ። «ጥያቄው ሌላ ነው። ከእርስዎ በፊት የቤትዎ ሰው ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብሎኛል። ልጅዎ የነገረችኝ ሐሰት ነው እያሉኝ ነው?»

ወረቀቱ ተዘርግቷል፣ እስክሪብቶው ቀርቦላታል፣ የሚጠበቅባት «አዎ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ቆሟል። እናትየው ወደ በሩ አየች፣ የጎረቤቶቿን ፊት አየች፤ ነገ በየሱቁ የሚወራውን ከአሁኑ ሰማችው፤ የባንኳ ልጅ በእናቷ ላይ ዋሸች፣ እናቷ ፈረመችባት። ደጅ ቆማ ልብሷን የምታራግፈው ሕፃን ትዝ አለቻት። አንጀቷ አልቆርጥ አለ።

«ልጄ ውሸታም አይደለችም» አለች።

«እንግዲያው ሳሎን ነው ማለት ነው» አለ ገማቹ በቀስታ። አልጨከነባትም፤ ግን ሌላ የሚጽፈው አልነበረውም። «እዚህ ጋ አልስማማም ብለው ይፈርሙ፤ ለኮሚቴው ይጠቅምዎታል።»

በር ላይ ያለው ሰው ግራና ቀኝ ተከፈለ። ልጅቷ ነበረች። ሰማያዊውን የባንክ ልብሷን እንደለበሰች ነው፣ ፊቷ በላብ ርሷል፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። እንዴት አስፈቅዳ እንደመጣች፣ ምን ብላ እንደወጣች ማንም አልጠየቃትም። ጥጡ መሐል ገብታ ቆመች።

«ጠዋት የነገርኩህ ውሸት ነው» አለች ለገማቹ። «ሥራዋ ነው። ሌላ መተዳደሪያ ኖሮን አያውቅም። እኔ ራሴ በእሱ ነው የተማርኩት።»

ገማቹ ትከሻው ወረደ፤ የተገላገለ መሰለ። «ጥሩ። ቃል ሲቀየር ምክንያት መጻፍ አለበት። ለምን እንደዚያ አልሽ?»

ልጅቷ ሰበብ ብትፈልግ አታጣም ነበር፤ የተማረ ሰው ናት። «አፍሬ» አለች።

ባልደረባው ጻፈ። ዋናው ገማች የተጻፈውን ተቀብሎ፣ እንደ ደንቡ ለቤቱ ባለቤት ጮክ ብሎ አነበበላት። «የባለንብረቷ ልጅ በእናቷ ሥራ በማፈሯ ምክንያት የተሳሳተ ቃል ሰጥታ የነበረ መሆኑን አምና አስተካክላለች።» በር ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዘበኛው ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። የልጅቷ አንገት ከሥሩ ጀምሮ እየቀላ ሄደ፤ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። ገማቹ እስክሪብቶውን ለእናትየው ሰጣት። የፈለገችው ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ አለ፤ መሥሪያ ክፍል ተብሏል፣ መተዳደሪያ ተብሏል፣ ሼዱም ሥራዋም የእሷ ናቸው። መፈረም ብቻ ነው የቀራት።

«ይሄ ልክ አይደለም» አለች።

«የቱ?»

«ማፈሯ የሚለው። እሷ ከወቀሳ ልታስጥለኝ ፈልጋ ነው እንጂ አላፈረችም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሕፃን ሆና ምንድን ነው የምትሠሪው ስትለኝ፣ ጊዜ ማሳለፊያዬ ነው፣ አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ እላት ነበር። እኔ ያልኳትን ነው የነገረችህ። የተጻፈውን አልስማማም ማለት መብቴ ነው ብለኸኛል፤ አልስማማም። እንደሱ ብለህ ጻፈው።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። እናትየው ዞራ አየቻት፤ ልጅ ሳለች በእንግዳ ፊት አፏን የምታዘጋበትን ዓይነት አስተያየት። ልጅቷ አፏን ዘጋች። ገማቹ እናቲቱን አየ፣ ልጅቱን አየ፣ ምን እንደተረዳ አይታወቅም። ወረቀቱን ለባልደረባው መልሶ፣ «የፊተኛውን ሰርዘው» አለ። ተሰረዘ፣ እንደ አዲስ ተጻፈ፣ ተነበበላት። መነጽሯን አድርጋ ራሷም አንድ ጊዜ ደገመችውና ፈረመች። ልጅቷም ከሥሯ ፈረመች።

ሰዎቹ ከሄዱ፣ በሩም ከተለቀቀ በኋላ ወንድምየው ወሬውን ለማድረስ ጋሪውን ይዞ ወጣ። እናትየው ተመልሳ ተንበርክካ ጥጡን ወደ ፍራሹ ማዕዘን መጠቅጠቅ ጀመረች። ልጅቷ ቆማ ታያታለች። ብናኙ ሰማያዊው ልብሷ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ፣ ፀጉሯ ላይ አርፏል፤ አላራገፈችውም።

«እማዬ» አለች። «መቼ ነው እንደዚያ ብለሽኝ የምታውቂው? እኔ ትዝ አይለኝም።»

እናትየው ቀና አላለችም። «ብዬሽ አላውቅም» አለች። «ያንቺ ማፈር ወረቀት ላይ እንዲቀር አልፈለግኩም።»

የልጅቷን ማልቀስ እናትየው በትንፋሿ አወቀች፤ ግን አላባበለቻትም፣ ዝም በይም አላለቻትም። «በይ ጫማሽን አውልቂና ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አለች ቆይታ። «ዳቦ ጋጋሪው ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው፤ ብቻዬን አይገለበጥልኝም።»

ልጅቷ ጫማዋን አወለቀችና ቀሚሷን ሰብስባ ከፍራሹ ማዶ ተንበረከከች። አያያዟ ልክ አልነበረም። እናትየው አየችው፤ አላረመቻትም።